የአቶ ሉልሰገድ መቶ አርባ ኪሎ

በአትክልት ተራ ከቀሩት የሽንኩርትና የድንች መደብሮች መካከል ዙሪያውን በቆርቆሮ የታጠረ አንድ ሰፊ ግቢ አለ። ግቢው አንድ ትልቅ የብረት ሚዛን ነበረው፤ ሚዛኑ ደግሞ አንድ ሰው ነበረው። የሰውየው ስም አቶ ሉልሰገድ ይባላል። ሥራቸው የሚገባውንና የሚወጣውን ጭነት በመዝገብ ማስፈር ሲሆን፣ ክብራቸው ግን ከሥራቸው እጅግ ይልቅ ነበር። አቶ ሉልሰገድ የሚዛኑ ማረጋገጫ ነበሩ።

ነገሩ የተጀመረው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። አንድ ሻጭና አንድ ገዢ ሚዛኑ ዋሽቷል፣ አልዋሸም በሚል ሲካሰሱ፣ ለማረጋገጫ የሚያገለግሉት የብረት ክብደቶች ተፈልገው ጠፉ። አቶ ሉልሰገድ በዚያው ጠዋት ከሐኪም ቤት ተመዝነው መምጣታቸው ነበርና የሐኪሙን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው፣ «እኔ ከነጫማዬ መቶ አርባ ኪሎ ነኝ፤ ልቁምበት» አሉ። ቆሙበትም። የሚዛኑ ክንድ ቀጥ አለ። ጠበኞቹ ተጨባብጠው ሽንኩርታቸውን አስጫኑ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ የብረት ክብደት የፈለገ ሰው አልነበረም።

ሥርዓቱ ከዓመት ዓመት እየጸና ሄደ። ቅዳሜ ጠዋት ልክ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አንድም ኩንታል ሳይመዘን በፊት፣ አቶ ሉልሰገድ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ፊታቸውን ወደ ግቢው በር፣ ጀርባቸውን ወደ ሚዛኑ ክንድ አዙረው ይቆማሉ። ዞሮ ማየት በገበያው ላይ ጥርጣሬ እንደ መጣል ይቆጠር ነበር። የሚዛኑ ባለሙያ ግደይ ተንሸራታቹን ብረት አስቀድሞ መቶ አርባ ላይ ያቆመዋል። ክንዱ ቀጥ ካለ «ልክ ነው» ይላል። ካዘነበለም በጫፉ ያለችውን ብሎን እያዞረ ካቃናው በኋላ «ልክ ነው» ይላል። ግቢው በሙሉ «ልክ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ ገበያው ይከፈታል። በዚህ ሚዛን ከኩንታል በታች ተመዝኖ አያውቅም፤ ባዶውን ስንት እንደሚል ለማየትም ያሰበ ሰው አልነበረም። መቶ አርባ ኪሎ እውነት በየሳምንቱ በእግሩ እየመጣ ባዶ ብረት ማን ይመዝናል?

አቶ ሉልሰገድም አደራውን በዋዛ አልተሸከሙትም። በዐቢይ ጾም ሁለት ኪሎ የቀነሱ እንደሆነ በፋሲካ ሳምንት በትጋት በልተው ይመልሱታል፤ በሠርግ ሰሞን የጨመሩ እንደሆነ ደግሞ እራታቸውን ይተዋሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወይንሸት ሦስተኛውን ጭልፋ እየጨመሩላቸው «ኧረ ይበቃሃል» ሲሏቸው፣ «ለራሴ የምበላ መሰለሽ? የሕዝብ አደራ ነው» ይሉ ነበር።

የልብ ሐኪም ግን ስለ ሕዝብ አደራ የሚያውቀው ነገር የለም። ሃምሳ ስምንት ዓመት እንደሞላቸው አንዱ ሐኪም ልባቸውን አዳምጦ፣ «ይህን ክብደት ተሸክመው ስድሳ አይደርሱም» አላቸው። በሚያንቀላፉ ጊዜ ትንፋሻቸው እየተቋረጠ ወይዘሮ ወይንሸት በክርናቸው ይቀሰቅሷቸው ነበር። ከፒያሳ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወስደውን ዳገት በእግራቸው ከወጡት ዘጠኝ ዓመት አልፏል። ስለዚህ መክረው፣ ጸልየው፣ የእህታቸው ልጅ ባመቻቸችው መንገድ ኢስታንቡል ድረስ ሄዱ። በዚያም ከጨጓራቸው ሦስት አራተኛው ተቆርጦ ወጣ።

በተመለሱ ሳምንት የሽንኩርት ነጋዴዎቹ አለቃ ሐጂ ሰላሀዲን ሊጠይቋቸው መጡ።

«ቆርጠው የት አደረጉት?» አሉ ሐጂ ሰላሀዲን።

«እዚያው ቀረ።»

«ወረቀት አልሰጡዎትም?»

«የምን ወረቀት?»

«የሰው ዕቃ ሲያስቀሩ ወረቀት ይሰጣሉ እንጂ፣ ጋሼ ሉልሰገድ። እኛ አንድ ጆንያ ድንች ስናስቀር እርስዎ መዝገብ ላይ ያሰፍሩብን የለ?» ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይቀንሳሉ አሉ?» ሲሉ ጠየቁ።

«በወር አምስት ስድስት ኪሎ እቀንሳለሁ ተብሏል።»

«አልሐምዱሊላህ። ለጤናዎ ይቀንሱ። ለገበያው ግን እንደ ነበሩ ነዎት አይደል?»

አቶ ሉልሰገድ ጥቂት አሰቡና፣ «ለገበያው እንደ ነበርኩ ነኝ» ሲሉ መለሱ።

እንግዳው ተደስተው ወጡ፤ የቤቱ ጌታም ተደስተው ተኙ። ቃል የተገባው በሁለት ዐዋቂዎች መካከል፣ በሙሉ አእምሮ ነበር። በንግግሩ ውስጥ አንዳች እንቅፋት መኖሩ ለአንዳቸውም አልታያቸውም።

ከዚያ ወዲያ የአቶ ሉልሰገድ ማዕድ ሌላ ሆነ። ሰሐኑ የሲኒ ማስቀመጫ፣ ማንኪያው የሻይ፣ ምሳቸው የአንድ እንቁላል ግማሽና ሦስት ማንኪያ ሾርባ። እያንዳንዷን ቁራሽ ሠላሳ ጊዜ አኝከው እንዲውጡ ታዝዘዋልና ወይዘሮ ወይንሸት ትይዩ ተቀምጠው ይቆጥራሉ።

«ሃያ ስድስት ላይ ዋጥካት።»

«ሃያ ዘጠኝ ነው።»

«ቆጥሬያለሁ እኮ ሉሌ።»

«ዘግይተሽ ጀምረሽ ነው። መጀመሪያ ሦስቱን ስልክ ስታነሺ ነው ያኘክኋቸው።»

ከረኃቡ ይልቅ ያሠቃያቸው አምሮቱ ነበር። ይህም አምሮት ከምግብ ሁሉ መርጦ ዱለት ላይ ዐረፈ። ጨጓራው የተቆረጠበት ሰው በሚጥሚጣና በቅቤ የታሸ፣ በደቃቁ የተከተፈ ጨጓራ ሌት ተቀን ሲያምረው ምን ይባላል? አቶ ሉልሰገድ አካላቸው የጎደለውን እየጠየቀ እንደሆነ ይሰማቸው ነበር፤ አንዳንዴም ያ በባዕድ አገር የቀረው ሦስት አራተኛ እርሳቸውን ይናፍቅ ይሆን ብለው ያዝኑለታል። የዘገዬ ዱለት ቤት ደግሞ ከግቢው በር አጠገብ ነው፤ ነፋሱ ወደ መዝገባቸው ይነፍሳል።

በስልክ በሚላክ መልእክት ከኢስታንቡል የምትከታተላቸው የምግብ ሐኪም ለአምሮት ያዘዘችላቸው መድኃኒት፣ ውኃ ጠጥቶ ሃያ ደቂቃ መራመድ ነበር። አቶ ሉልሰገድም ከአትክልት ተራ ተነሥተው እስከ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ አጥሩን ይዞራሉ፤ ይመለሳሉ። ዱለቱ ድጋሚ ከሸተታቸው ድጋሚ ይሄዳሉ። ከምሳ በፊት ሦስት ጊዜ ዞረው የተመለሱበት ቀን ብዙ ነው። ደጀ ሰላም የሚቀመጡ እናቶች ከባድ ስለት ያለባቸው ሰው ናቸው ብለው በጸሎታቸው ያስቧቸው ጀመር።

በሦስተኛው ወር አንድ ጊዜ ተሸነፉ። ከአንድ ኬክ ቤት በር ላይ ቦምቦሊኖ ገዝተው ግማሹን ዋጡ። የተቆረጠ ጨጓራ ስኳር አይችልምና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ላብ አጠመቃቸው፣ ልባቸው እንደ ከበሮ መታ፣ ከአስፋልቱ ዳር ተቀመጡ። ሁለት ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች ነገሩ ምን እንደሆነ ወዲያው ገባቸው፤ የያዙትን ጠበል ፊታቸው ላይ አርከፈከፉ።

«ተናገር፣ ማን ነህ አንተ?» አለች አንደኛዋ።

አቶ ሉልሰገድ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ «ቦምቦሊኖ» አሉ።

«የት ያዝከው?»

«ኬክ ቤቱ በር ላይ።»

«ትለቃለህ አትለቅም?»

«እለቃለሁ» አሉ አቶ ሉልሰገድ ከልባቸው። እንዳሉትም ከዚያ ቀን ወዲህ ስኳር አልቀመሱም።

እንዲህ ያለ መከራ የሚቀበል ሰው ዋጋውን በቁጥር ማየት ይሻል። ቁጥሩ ግን አልመጣም። ሐኪሟ በየቅዳሜው ክብደታቸውን እንዲጽፉላት አዛለች፤ እርሳቸውም በየቅዳሜው ከሚዛኑ ወርደው በእውነት ይጽፋሉ፦ መቶ አርባ። በሚቀጥለው ቅዳሜ መቶ አርባ። በሁለተኛው ወር መቶ አርባ። ግደይ እንደ ልማዱ ክንዱ ሲያዘነብል ብሎኗን ያዞራል፤ በአራተኛው ወር ብሎኗ መጨረሻዋ ላይ ስትደርስበት ከክንዱ ጭራ ላይ ሽቦ መጠምጠም ጀመረ። በየሳምንቱ አንድ ዙር ይጨምራል። ሥራው ክንዱን በአቶ ሉልሰገድ ልክ ማቃናት ነው፤ ለምን እንደሚያዘነብል መጠየቅ በሥራ ድርሻው ውስጥ አልነበረም። እንዲህ ሆኖ አቶ ሉልሰገድ በቀነሱ ቁጥር ሚዛኑ አብሯቸው ዝቅ ይል ነበር።

ሐኪሟ ትጠራጠር ጀመር። «ጣፋጭ መጠጥ ይጠጣሉ?» ብላ ጻፈች። «አልጠጣም።» «በድብቅ የሚበሉት ነገር አለ?» አቶ ሉልሰገድ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳይሰጡ ሁለት ቀን በቁጣ ቆዩ። ወይዘሮ ወይንሸት በበኩላቸው ቁም ሣጥኑን፣ የኮቱን ኪስ፣ የመዝገቡን መሳቢያ ሳይቀር ፈተሹ፤ ያገኙት ግን አንድ የደረቀ ሎሚ ብቻ ነበር።

«ሱሪህ እኮ እየወረደ ነው» አሉ ወይዘሮ ወይንሸት አንድ ቀን።

«ጨርቁ ነው። የዛሬ ጨርቅ ይለጠጣል።»

«ቀበቶህስ? ሁለት ቀዳዳ ጨምረህበታል።»

«ቆዳም ሲያረጅ ይረዝማል።»

«ጉንጭህ ገብቷል፣ ሉሌ። መስታወት አለ።»

«ወይንሸት፣ መስታወት ኪሎ አያውቅም።»

በልምምጥ አንድ ቀን አምስት ኪሎ ወዳለ አንድ መድኃኒት ቤት ወሰዷቸው። በዚያ ያለችው ትንሽ የመስታወት ሚዛን መቶ ሃያ አንድ አለች። አቶ ሉልሰገድ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «እኅቴ፣ ሚዛንሽ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ተበላሽቷል። እኔ የሚዛን ማረጋገጫ ነኝ፤ ሕዝብ እንዳታሳስቺበት አንሺው» አሏት። ባለመድኃኒቷም በትሕትናቸው ተነክታ አመሰገነቻቸው፤ ሚዛኗንም ወደ ጓዳ አስገባች።

ሰባተኛው ወር ሲያልቅ ከኢስታንቡል እንዲህ የሚል መልእክት መጣ፦ «በሰባት ወር ምንም ለውጥ ከሌለ ቀዶ ሕክምናው አልሠራም ማለት ነው። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ማሰብ አለብን።» አቶ ሉልሰገድ ሦስት ጊዜ አነበቡት። ሰባት ወር ሙሉ በሻይ ማንኪያ መኖራቸው፣ ሰባት ወር ሙሉ ማኘካቸውና መዞራቸው ለከንቱ ሆኖ ታያቸው። በዚያው ምሽት ለባለቤታቸው፣ «ነገም መቶ አርባ ካለኝ በቃኝ። ዱለቴን በልቼ የመጣውን እቀበላለሁ። ስድሳ ዓመት የሞላ ሁሉ ምን አገኘ?» አሏቸው። በማግስቱ ወይዘሮ ወይንሸት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተከትለዋቸው ወደ ግቢው መጡ።

ሁለት ሰዓት ሆነ። አቶ ሉልሰገድ ኮታቸውን ቆለፉ፤ ኮቱ ሁለት ጊዜ ሊዞራቸው ምንም አልቀረውም። ወጡ፤ ቆሙ። ግደይ ሽቦውን አንድ ዙር ጨመረ።

«ልክ ነው» አለ።

«ልክ ነው» አለ ግቢው።

አቶ ሉልሰገድ እንደ ተፈረደበት ሰው ወረዱ። ስልካቸውን አውጥተው «140» ብለው ላኩ፤ ቀጥሎም ወደ በሩ ፊታቸውን አዙረው፣ «ዘገዬ፣ አንድ ሙሉ ዱለት አምጣልኝ» አሉ። ዘገዬ በምጣድ እንደጋለ አመጣው፤ መዝገቡ ላይ አስቀመጠው። ቅቤው ገና ይንጣጣል። ወይዘሮ ወይንሸት ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

አቶ ሉልሰገድ እንጀራውን ቆርሰው እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ፈቲያ አንድ ጆንያ ሽንኩርት በጋሪ አስገፍታ በግቢው በር ገባች። ፈቲያ አምስት ኪሎ ምግብ ቤት አላት፤ አፏም እንደ ወጧ ነው፣ ያቃጥላል።

«ጋሽ ሉሌ፣ እጅዎን ይሰብስቡና ይህን ያስመዝኑልኝ።»

«ምን ሆነ?»

«ከስቷል።»

«ሽንኩርቱ?»

«ኩንታሉ። ባለፈው ቅዳሜ እዚህ መቶ ኪሎ ብላችሁ የሸጣችሁልኝ ነው፤ ገመዱ እንኳ አልተፈታም። ስልሱ ድስቱን አልሞላ ሲለኝ እጄን ስወቅስ ሰባት ወር ከረምኩ። ትናንት ወፍጮ ቤት አስመዘንኩት፤ ሰባ ዘጠኝ ነው አሉኝ።»

ሐጂ ሰላሀዲን ከመደብራቸው ብቅ አሉ። «የወፍጮ ቤት ሚዛን በዱቄት የታፈነ ነው፣ ልጄ። የእኛን ሚዛን አሁን ጋሼ ሉልሰገድ ቆመው አረጋግጠውታል።»

«እሳቸውንስ ማን አረጋገጣቸው?» አለች ፈቲያ።

ይህ ጥያቄ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ተጠይቆ አያውቅም። ግደይ ጆንያውን መዘነ፤ መቶ አንድ አለ። ሐጂ ሰላሀዲን «አየሽ፣ እንዲያውም አንድ ኪሎ ጨምሯል» ሲሉ አንዳንዶች ሳቁ። ፈቲያ ግን ጆንያውን አስወረደችና፣ «በሉ አሁን ይህንን መዝኑልኝ» አለች።

«የትኛውን?»

«ይህንን። ምንም የሌለውን።»

ግደይ ወደ ሐጂ ሰላሀዲን ተመለከተ፤ ሐጂ ሰላሀዲን ወደ አቶ ሉልሰገድ ተመለከቱ፤ አቶ ሉልሰገድ ወደ ዱለቱ ተመለከቱ። ግደይ ተንሸራታቹን ብረት ወደ ዜሮ ገፋው። ክንዱ ሽቅብ ተሰቅሎ ቀረ። አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት ድረስ ገፋው፤ ንቅንቅ አላለም። ሃያ ሁለት ላይ ሲደርስ ክንዱ በእርጋታ ወርዶ ቀጥ አለ።

«ልክ ነው» አለ ግደይ በልማድ። የመለሰለት ሰው አልነበረም።

«ምኑ ነው ሃያ ሁለት ኪሎ?» አሉ ሐጂ ሰላሀዲን በሹክሹክታ። «ላዩ ላይ ማን አለ?»

ወይዘሮ ወይንሸት ነጠላቸውን ከፊታቸው አነሡ። «እሱ ነው» አሉ። «ሰባት ወር ሙሉ ያኘከው።»

ግደይ ሽቦውን እየፈታ ተናገረ፤ የሚደብቀው ነገር አልነበረውም። በየሳምንቱ ክንዱ ያዘነብል ነበር፤ እርሱም ያቃናው ነበር። «ጋሼ ልክ ናቸው ተብሏል፤ ታዲያ ጥፋቱ የሚዛኑ እንጂ የሳቸው ይሆናል?» አለ። ሽቦው ተፈትቶ ሲያልቅ አንድ ክንድ ተኩል ሆነ። ብሎኗም ወደ ጥንት ቦታዋ ተመለሰች፤ ባዶው ሚዛን ዜሮ አለ። አቶ ሉልሰገድም ሳይጠሩ ወጡበት። በዚህ ጊዜ ዞረው፣ አፍንጫቸው ክንዱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግተው፣ ብረቱን በገዛ እጃቸው አንሸራተቱ። መቶ አሥራ ስምንት።

ወረዱ፤ ደግመው ወጡ። መቶ አሥራ ስምንት።

ግቢው ግን በሁለት ተከፍሎ ይጮህ ነበር። ገዢዎቹ የጎደለባቸውን ሽንኩርት በሽንኩርት እንዲተኩላቸው ጠየቁ፤ ሻጮቹም ባያምኑበትም እሺ አሉ። ከዚያ ግን ሁለቱም ወገኖች አንድ ሆነው በአቶ ሉልሰገድ ላይ ዞሩ።

«ለገበያው እንደ ነበርኩ ነኝ ብለውኝ አልነበረም?» አሉ ሐጂ ሰላሀዲን በጥልቅ ቅሬታ። «እኔ የሰው ቃል ይዤ ነው የሸጥኩት።»

«መስሎኝ ነበር።»

«አሁንም አልረፈደም» አሉ ሐጂ ሰላሀዲን፤ ምጣዱንም ወደ አቶ ሉልሰገድ ገፋ አደረጉት። «ይብሉ። ሃያ ሁለት ኪሎ ምን አላት? በፊት ሁለት ኪሎውን በሦስት ቀን ይመልሷት አልነበር? ግቢው በየቀኑ ዱለቱን ያቀርባል፤ ዘገዬም እዚሁ ነው።»

«በነጻ አይደለም እንጂ እዚሁ ነኝ» አለ ዘገዬ።

አቶ ሉልሰገድ ምጣዱን ተመለከቱ። አምሮቱ አልጠፋም፤ እንዲያውም ምራቃቸው ሞልቶ ለመናገር መጀመሪያ መዋጥ ነበረባቸው። «ሐጂ፣» አሉ፣ «እስከ ዛሬ ያልበላሁት ሁሉ ለካ የትም አልጠፋም። አሁን ይህን ብበላ ሃያ ሁለቱን ኪሎ በእጄ መልሼ መስጠቴ ነው። አልሰጥም። ሌላ ሰው ፈልጉ።»

ሌላ ሰው ፍለጋው ወዲያው ተጀመረ። ዘገዬ ተመዝኖ ዘጠና አራት ተኩል ሆነ፤ ተኩሉ ለአሠራር አይመችም ተብሎ ተጣለ። ሐጂ ሰላሀዲን መቶ ሁለት ሲሆኑ ግቢው በደስታ ተቀበላቸው፤ እርሳቸው ግን ረመዳን ሁለት ወር እንደቀረው አስታውሰው፣ «ወላሂ አልችልም፣ አላህ ፊት ቀርቤ ለሚዛን ብዬ አልጾምኩም ልበል?» አሉ። ፈቲያ፣ «ወንድሞቼ፣ ብረት የሚባል ነገር አለ እኮ፤ አይበላ አይጾም» ብትልም ሐሳቧ ለጥናት ተላለፈ።

በዚህ መካከል አቶ ሉልሰገድ ስልካቸውን አውጥተው ከጠዋቱ «140» ሥር «118» ብለው ላኩ። ሐኪሟ ሳምንት ሳትጠብቅ፣ ደቂቃም ሳትቆይ መለሰች። ወይዘሮ ወይንሸት ተቀብለው ስልኩ ወደ አማርኛ የመለሰውን ጮክ ብለው አነበቡት፦

«አቶ ሉልሰገድ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት መቶ አርባ ኪሎ ነበሩ። አደጋ ደርሶብዎታል? እጅና እግርዎ በቦታቸው አሉ?»

አቶ ሉልሰገድ ጥያቄው የሐኪም ጥያቄ መሆኑን አክብረው እጆቻቸውን ዘርግተው አዩ፤ ሱሪያቸውን በአንድ እጅ ደግፈው ወደ እግራቸው አጎነበሱ። ጫማቸው ሁለቱም ይታዩ ነበር። ከመዝገቡ ፊት ተቀምጠው እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦

«ሁሉም አሉ። የቀነስኩት በሰባት ወር ነው፤ የተነገረኝ ዛሬ ነው።»

ሐኪሟም፣ «አልገባኝም። ሆኖም በወር ሦስት ኪሎ ዝግ ያለ ነው እንጂ መጥፎ አይደለም። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም። በያዙት ይቀጥሉ» ስትል ጻፈች።

«ምን አለች?» አሉ ሐጂ ሰላሀዲን።

«ቀጥል አለችኝ» አሉ አቶ ሉልሰገድ። ዱለቱ አሁንም ይሸታቸው ነበርና አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጡ፤ ለባለቤታቸውም ክንዳቸውን ሰጥተው ወደ ጊዮርጊስ አቅጣጫ ወጡ።